ሁለት ሱባኤ በድንበር በር ላይ

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ጊምቢን፥ ነጆንና መንዲን አልፎ አሶሳ ይገባል፤ ከአሶሳም ወደ ቆላው ሲወርድ ኩርሙክ የምትባለውን የጠረፍ ከተማ ያገኛል። ኩርሙክ በስም አንዲት፥ በመንግሥት ግን ሁለት ናት። ከወዲህ ያለችው የኢትዮጵያ፥ ከወዲያ ያለችው የሱዳን ስትሆን፥ ወሰን ሆኖ የሚለያቸው አንድ የወንዝ ቦይ ነው። ይህ አገር በቀድሞው አከፋፈል በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ይተዳደር ስለ ነበረ፥ የወለጋ ሰው ለድንበር ባዕድ አይደለም። የአያቶቻችን ቡና በጋምቤላ ወደብ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ በባሮ በኩል ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር፤ ከዚያም ጨውና አቡጀዲ ይመጣ ነበር። ዛሬም በነቀምቴ፥ በጨለለቂም ሆነ በሌላው ሠፈር፥ ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ ወደ ሱዳን፥ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዐረብ አገር ያልሄደበትን ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የድንበሩ በር ሲዘጋ ነገሩ በየቤታችን ገባ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አውሮፕላን መንገደኛ ነው። በእግሩና በጭነት መኪና የድንበሩን ኬላ ስላለፈው ወገናችን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን ቅደም ተከተል እናስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ፥ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ የጃፓን ተወላጅ፥ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 11 ቀን ደግሞ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ መወሰኑ ተነገረ፤ የአውሮፕላኑ መንገደኛም የሆቴሉን ዋጋ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል ታዘዘ። መጋቢት 14 ቀን የየብስ ድንበሮች አስፈላጊ ከሆነው የዕቃ ጭነት በቀር ለሰው እንቅስቃሴ ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በአንድ ወር ውስጥ፥ ያውም በዐቢይ ጾም መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለም ወለጋና በአጎራባቹ አገር ስልክና ኢንተርኔት ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ የቆየ ሲሆን፥ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን ነበር። እንግዲህ ሌላው ሕዝብ ስለ እጅ መታጠብና ስለ መራራቅ በየሰዓቱ ሲነገረው፥ ልጅዋ በባዕድ አገር ያለባት የደምቢ ዶሎ ወይም የጊምቢ እናት ግን ወሬውን የምትሰማው ከገበያ ተመላሽ ነበር። ልጅዋ በየትኛው በር እንደሚመጣ፥ በሩስ ክፍት ይሁን ዝግ የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም።

በሩ ተዘጋ ቢባልም ዜጋ ወደ አገሩ ሲመለስ ጨርሶ አይባረርም። ከሱዳን በመተማ፥ ከጅቡቲ በጋላፊና በደወሌ፥ ከኬንያ በሞያሌ፥ ከሶማሌ ወገን በቶጎ ጫሌ በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በእነዚያ ወራት ተመልሰዋል። ሥራ ያጡ፥ የተባረሩ፥ ከእስር የተለቀቁ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከለበሱት ልብስ በቀር ንብረት አልነበራቸውም። የሆቴል ክፍያ ከእነርሱ የሚጠበቅ ስላልሆነ፥ በየጠረፉ ለይቶ ማቆያ ተዘጋጀ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሰድደው መኝታ ቤቶቻቸውን ለዚሁ ሥራ ለቀቁ።

አንባቢ፥ «ስለ ምን 14 ቀን ሆነ? ስለ ምን አሥር ወይም ሃያ አልሆነም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የሐኪሞቹ መልስ አጭር ነው። ተዋሲው ወደ ሰው ገላ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው በአማካይ በአምስት ቀን ገደማ ሲሆን፥ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ 14 ቀን ያለ ምልክት የቆየ ሰው በመንገድ ላይ የያዘው በሽታ አለመኖሩ በአብዛኛው ይታመናል ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ሰው ግን ይህን ቁጥር በሰማ ጊዜ ሌላ ነገር ወደ ልቡ መምጣቱ አይቀርም። በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ለምጽ በተጻፈው ሥርዓት፥ በሰውነቱ ላይ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ነገሩ ያልለየለት እንደ ሆነ ካህኑ ሰባት ቀን ለይቶ ያስቀምጠዋል። በሰባተኛው ቀን አይቶ፥ አሁንም ካልለየለት፥ ሰባት ቀን ይደግመዋል። ሰባትና ሰባት 14 ነው። እኛም በፍልሰታ የምንጾመው ሐዋርያት የያዙትን ሁለት ሱባኤ በማሰብ ነው፤ የእመቤታችንን ሥጋ የተቀበሉትም ነሐሴ 14 ቀን እንደ ሆነ በየዓመቱ ይነገረናል። ሐኪሞቹ ቁጥሩን ከኦሪት ወሰዱት ለማለት አይደለም፤ እነርሱ ሕመምተኞችን ቆጥረው ደረሱበት። ነገር ግን 14 ቀን ተለይቶ መቀመጥ ለክርስቲያን ቤት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

አውሮፓውያንም ይህን ሥርዓት የጀመሩት ከባሕር በር ነው። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉሳ ከተማ በ1377 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የቸነፈር በሽታ ካለበት አገር የመጣ ሰው ከከተማው ውጭ 30 ቀን ሳይቆይ እንዳይገባ ሕግ አወጣች። ኋላ ቬኒስና ሌሎችም ከተሞች ቀኑን ወደ 40 ከፍ አደረጉት፤ በየቋንቋው «ኳራንቲን» የሚባለውም ቃል አርባ ከሚለው የጣልያንኛ ቁጥር የመጣ ነው። በአገራችን ደግሞ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው «የኅዳር በሽታ» በአዲስ አበባ ብቻ እስከ አሥር ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የዳኑት። በኅዳር 12 ቀን በየደጃችን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጨለለቂ ልመለስ። በጎረቤትነት የማውቀው አንድ ወጣት በካርቱም የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ሥራው በበሽታው ምክንያት ሲቆም፥ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ገላባት መጥቶ፥ ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ በሚያዝያ መጀመሪያ መተማ ገባ። በበሩ ላይ በመጀመሪያ ያገኘው የጦር መሣሪያ የያዘ ወታደር ሳይሆን ግንባሩ ላይ የሙቀት መለኪያ የደቀነ የጤና ባለሙያ እንደ ነበረ ነግሮኛል። «ፓስፖርት አለህ?» ከመባሉ በፊት «ትኩሳት አለህ?» ተባለ። ስሙ፥ የመጣበት ከተማ፥ አብሮት የተጓዘው ሰው፥ የሚሄድበት ወረዳና የዘመድ ስልክ ተጻፈ። ከዚያም ከሌሎች ጋር ወደ ለይቶ ማቆያው ተወሰደ።

በዚያ ሳሉ ሆሳዕና ደረሰ፤ ሕማማት ገባ። ሚያዝያ 11 ቀንም ፋሲካ ሆነ። በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ባወጡት መመሪያ መሠረት፥ በየአጥቢያው የተወሰኑ ካህናት ብቻ ገብተው ሲቀድሱ፥ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይከታተሉ ስለ ነበረ፥ በመተማ ተለይቶ የተቀመጠው ወጣትና በነቀምቴ ቤትዋ የተቀመጠችው እናቱ ፋሲካን በአንድ ዓይነት ሁኔታ አሳለፉት ለማለት ይቻላል። ከመካከላቸው አንድ የዲቁና ትምህርት የጀመረ የጎጃም ልጅ ነበርና፥ እርሱ እየመራቸው በሌሊት ተነሥተው በቃላቸው የሚያውቁትን ጸለዩ። አልጋዎቻቸው ተራርቀው ስለ ነበር አንዱ ለሌላው ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። «ሁለት ሱባኤ ያዝን» ይባባሉ ነበር አለኝ። መጀመሪያ በቀልድ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን ቀልዱ ቀረ።

14ቱ ቀን ሲፈጸም ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ነገር ግን ከመተማ እስከ ነቀምቴ መንገዱ ረጅም ነው። የሕዝብ ማመላለሻው በአንዳንዱ ቦታ ጨርሶ ተከልክሎ፥ በሌላው በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጫን ተደርጎ፥ ዋጋው ዕጥፍ ሆኖ ነበር። በየከተማው መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ ሙቀት ይለካል፤ ወረቀት ይጠየቃል። ድንበሩን በአንድ ቀን የተሻገረ ልጅ አገሩን ለመሻገር አምስት ቀን ፈጀበት።

ከሁሉ የከበደው በር ግን የራሱ ሠፈር ነበር። ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ደርሶ፥ «ከሱዳን የመጣ ሰው ገባ» ተብሎ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ «አካም ጅርታ?» እያለ ጎረቤቱ ሁሉ ይጎርፍ፥ ቡናው ይፈላ፥ እንጀራው ይቀርብ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሰዎች ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመው ያዩ ነበር እንጂ የገባ አልነበረም። እናቱ ቡና አፍልታ ጠራች፤ ሦስቱም ፈልቶ እስኪያበቃ ማንም አልመጣም። እንዲህ ያለ ቡና በዕድሜዋ አፍልታ እንደማታውቅ ኋላ ስትናገር ሰምቻለሁ።

በማግሥቱ የቤቱ የንስሐ አባት መጡ። ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነዋል። እናትዮዋ፥ «አባቴ፥ ይግቡ ልበል ወይስ እዚያው ይቁሙ?» ብትላቸው፥ «መጀመሪያ ወረቀቱን አምጪልኝ» አሏት። መነጽራቸውን አድርገው፥ የገባበትን ቀንና የወጣበትን ቀን በጣታቸው ቆጥረው፥ ከዚያም ወደ አጥሩ ዞረው ለቆሙት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «14 ቀን ተቀምጧል፤ ምልክት አልታየበትም፤ ሐኪም ፈርሟል። እኔ እገባለሁ» አሉ። ገቡም። እንደ ልማዱ መስቀል አላሳለሙም፤ ከፍ አድርገው ባረኩ እንጂ። ተራርቀው ተቀመጡ፥ ቡናውንም ጠጡ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት የገዛ ስኒዋን ይዛ መጣች፤ በሳምንቱ ሌሎችም ተከተሉ።

እኒያ አባት ያደረጉት ሥራ በኦሪት ለካህኑ የተሰጠው ሥራ ነው። በዚያ ሥርዓት ካህኑ ሰውን ለይቶ የሚያስወጣ ብቻ ሆኖ ከታየን አሳንሰን አይተነዋል። ተለይቶ የቆየው ሰው የነጻ እንደ ሆነ ከሰፈር ወደ ውጭ ወጥቶ የሚያየው፥ «ንጹሕ ነው» ብሎ በሕዝብ ፊት የሚናገርለትና ወደ ማኅበሩ የሚመልሰውም እርሱ ነው። የሙሴ እኅት ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት፤ በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተጻፈው ግን ሕዝቡ እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ጉዞውን አልቀጠለም። ያን ሁሉ ሕዝብ በምድረ በዳ ስለ አንዲት ሴት ሰባት ቀን ማቆም ቀላል ነገር አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. እኛ ለይቶ ማስቀመጡን ፈጥነን ተማርነው፤ መጠበቁንና መቀበሉን ግን ሁሉም ሠፈር እኩል አልተማረውም። ወረቀት ይዞ ተመልሶ የቤት ኪራይ የተከለከለ፥ በውኃ ቦኖ ላይ ሰልፍ የተለየበት ሰው ነበር።

የከባድ መኪና ነጂዎች ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የአገራችን የውጭ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል ስለ ሆነ፥ በሩ ለሰው ሲዘጋ ለጭነት ሊዘጋ አልቻለም። ማዳበሪያው፥ ዘይቱ፥ ነዳጁ፥ የሐኪም ቤት ዕቃው ሁሉ በጋላፊ ይገባ ነበር። ነጂውና ረዳቱ እንግዲህ ሁላችን ቤት ተቀመጡ በተባልንበት ጊዜ በየሳምንቱ ድንበር ይሻገሩ ነበር ማለት ነው። ናሙና ከአፍንጫና ከጉሮሮ ይወሰድባቸዋል፤ ውጤት እስኪመጣ በአፋር በረሃ ሙቀት መኪናቸው ውስጥ ወይም ከመኪናቸው ሥር ይጠብቃሉ። በኬንያና በዩጋንዳ መካከል ባለው በማላባም እንዲሁ፥ ውጤት የሚጠብቁ መኪናዎች ሰልፍ ብዙ ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በየመንገዱ ያሉ ምግብ ቤቶች ነጂ መሆኑን ሲያውቁ ሳህን የሚሰጡት በመስኮት ነበር። በዚያ ዓመት በነቀምቴ ገበያ ዘይት ገዝቶ የጾመም የበላም ሰው ያን ዘይት ማን እንዳመጣለት ቢያስብ ደግ ነው።

በበሩ ስላልገቡትም ጥቂት ልበል። የየብስ ድንበር እንደ አውሮፕላን ጣቢያ አንድ መግቢያ የለውም። ከኬላው ግራና ቀኝ ከብት የሚነዳበት፥ እንጨት የሚለቀምበት የእግር መንገድ ሞልቶአል። አንዳንዱ ከ14 ቀን ለማምለጥ፥ አንዳንዱም ወረቀት ስለሌለውና እንዳይታሰር በመፍራት በዚያ ገባ። እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ወንጀለኛ ብቻ ማየት ያስቸግረኛል፤ ሰው ከበር የሚሸሸው በበሩ ላይ የሚጠብቀውን ሲፈራ ነው። ይህም ቢሆን በስውር የገባው ልጅ የተኛው ከሽማግሌ አያቱ ጋር በአንድ ክፍል ነበር፤ በሽታውም በይበልጥ የሚበረታው በሽማግሌዎች ላይ መሆኑ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ቤተ ሰብ ማድረግ የነበረበት፥ ልጁን ከማባረርም ከመደበቅም ይልቅ፥ በበሩ በኩል እንዲገባ አስቀድሞ ማስረዳት፥ 14ቱንም ቀን ስንቅና ስልክ አለማጓደል ነበር። ያንን ያደረጉ ቤቶች አሉ፤ ልጆቻቸውም በሰላም ገብተዋል።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደንቡ እየላላ መጣ። ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚያስረዳና 72 ሰዓት ያላለፈው የምርመራ ወረቀት ይዞ የመጣ መንገደኛ በቤቱ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተፈቀደ፤ ኋላም ሰዓቱ ወደ 120 ከፍ አለ። ይህ የሰዓት ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ችግር ነበረው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ውጤቱ ከተሰጠበት ሳይሆን ናሙናው ከተወሰደበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ወረቀቱም የሚጻፈው በአውሮፓውያን ቀንና ሰዓት ስለ ሆነ፥ በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሆነው በወረቀቱ ላይ 15፡00 ተብሎ ይገኛል። በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ናሙና የሰጠ ሰው ቀኑ ገና እንዳልተለወጠ ሲያስብ፥ በእነርሱ ቀኑ ከሁለት ሰዓት በፊት ተለውጧል። ሒሳብ ለሚያስተምር ሰው ይህ መልካም የክፍል ጥያቄ ነው፤ ለመንገደኛ ግን ከበሩ የሚያስመልስ ነገር ነበር። ስምም እንዲሁ ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ አጻጻፍ፥ በምርመራው ወረቀት ላይ በሌላ አጻጻፍ ተጽፎ የተገኘ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የሚያስደንቀው፥ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፥ ሚያዝያ 7 ቀን፥ በካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ በመተማና በኩርሙክ በኩልም ብዙ ሺህ ሰው፥ ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም፥ መግባት ጀምሮ ነበር። የዚያ በሽታ ወረቀት መጠየቁ ቢቀርም፥ በጠረፉ ላይ የጤና ባለሙያዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ አሁን የሚጠብቁት ኩፍኝንና ኮሌራን ነበር።

እንግዲህ ልጅ ወይም ዘመድ በየብስ ድንበር የሚመጣባቸው ወይም የሚሄድባቸው ቤተ ሰቦች፥ የቢጫ ወባ ክትባት የሚጻፍባትን ቢጫ ደብተር ከፓስፖርቱ ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ የዚያ ክትባት ማስረጃ በብዙ አገር በር ላይ ዛሬም ይጠየቃል። ስሙ ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር መስማማቱን ከጤና ጣቢያው ሳይወጡ ይመልከቱ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር በሌላ ወረቀት ጽፈው ለመንገደኛው ይስጡት፤ ከኬላው ላይ ሆኖ በፍርሃት ከሚቆጥር፥ በእናቱ ቤት በሰላም የተቆጠረለትን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።